እናቴ ትሙት፣ እወዳታለሁ

የእናቶቻችን ክብር አሁን አሁን የሚያድረው እነሱ በማይደርሱበት ቦታ ነው፤ ፌስቡክ ላይ። ልጅ የእናቱን ፎቶ ይለጥፋል። ብዙውን ጊዜ የሰው ሠርግ ላይ የተነሳችው ነው፤ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ጥግ ላይ የማናውቀው ሰው ክንድ ገብቷል። ሥሩ ረጅም ጽሑፍ ይከተላል። ያለ አንቺ ምን እሆን ነበር፣ ውለታሽ ተከፍሎ አያልቅም፣ ኑሪልኝ። ወዳጅ ዘመድ ልቡን ይሰጣል፣ «ፈጣሪ ያቆይልህ» ይጎርፋል፣ ልጅም ለእያንዳንዱ «አሜን ወንድሜ»፣ «አሜን እህቴ» ሲል ያመሻል። በዚያው ምሽት እናት እቤቷ ቁጭ ብላ ያቺን ባትሪ ያላትን ትንሽ ኖኪያዋን እያገላበጠች፣ «ይሄ ልጅ ዛሬም ሳይደውል ሊመሽ ነው» ትላለች።

ፍቅሩ ውሸት ነው አላልኩም። እናቱን የማይወድ ሐበሻ ፈልገህ አምጣ ብባል ከየት አመጣለሁ? አድራሻው ነው የጠፋብን። እናትን እሷ በሌለችበት፣ ሰው በሚያይበት፣ ከተቻለም በእሷው ድካም ማክበር ተክነንበታል።

ከመሐላው እንጀምር። መርካቶ ጫማ ልትገዙ ትገባላችሁ። ሻጩ ሦስት ሺህ ይላል። ግማሹን ስትጠሩለት ደረቱን ይዞ «እናቴ ትሙት፣ የመጣበትም አይደለም!» ይላል። በግማሹ ላይ መቶ ብር ስትጨምሩ ያሽግላችኋል። ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደገደላት እሱም አልቆጠረው። ማታ ቤቱ ሲገባ እናቱ ደህና ናት፤ ጎመን እየቀነጠሰች «ዛሬ ገበያ እንዴት ነበር?» ትለዋለች። ተማሪው «እናቴን፣ አንድ ፊደል አላነበብኩም!» ብሎ ምሎ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣል። የተበደረው «እናቴን፣ ለቅዳሜ» ይላል፤ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ግን አይናገርም። በአባትም ይማላል፣ አይካድም። ነገሩ ሲጠነክርና አድማጭ ሲጠራጠር ግን ወደ እናት ይኬዳል፤ ባንክ ቤት ሄዶ ያለውን ብቸኛ ቤት እንደሚያስይዝ ሰው፣ ሐበሻም የመጨረሻ ንብረቱን ያስይዛል። ሚኒባሱ ላይ ያየሁትን ደግሞ ላውጋችሁ። ከውስጥ ረዳቱ በየፌርማታው «እናቴን፣ ዝርዝር የለኝም» እያለ ይምልባታል። ከኋላ መስታወቱ ላይ ደግሞ በትልቁ «እናቴ ኑሪልኝ» ተብሎ ተለጥፏል። አንድ መኪና ላይ ሆና ከፊት ትሞታለች፣ ከኋላ ትኖራለች።

የቀኑ ጉዳይም አለ። ፈረንጅ የእናቶች ቀን ሲል አንድ ቀን የሚል መስሎን ነበር፤ እነሱም አልተስማሙም። አሜሪካ ሜይ በገባ በሁለተኛው እሑድ ያከብራል፣ ፈረንሳይ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ወር መጨረሻ እሑድ፣ እንግሊዝ በእነሱ የፋሲካ ጾም አራተኛ እሑድ። ዓረቦቹ በግብጻዊው ጋዜጠኛ ሙስጠፋ አሚን ጉትጎታ እ.ኤ.አ. በ1956 የጀመሩት ማርች 21 ቀን ነው። አንዱን ልጇን ዋሽንግተን፣ አንዷን ለንደን፣ አንዷን ፓሪስ፣ አንዷን ዱባይ የሸኘች እናት እንግዲህ በዓመት አራት የእናቶች ቀን ይደርሳታል። አራቱም የሚከበሩት ሌላ አገር ነው።

የለንደኗ ልጅ እናቷን ወስዳ አብራት የምትኖር ከሆነ ነገሩ ይብሳል። የእንግሊዞቹ እሑድ ብዙ ጊዜ የሚውለው በእኛ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ልጅ ሁለት ፎቅ ያለው የክሬም ኬክ ይዛ ትገባለች። እናት ኬኩን ታያለች፣ ልጇን ታያለች። «ውይ የኔ እናት፣ ለምን ተቸገርሽ» ትልና ለፎቶው ቢላዋውን ትይዛለች። ኬኩን የልጅ ልጆች ይጨርሱታል፤ እሷ ወጥ ቤት ገብታ ሽሮዋን ትበላለች። ፎቶው ላይ ግን የተከበረችው እሷ ናት።

የዱባይዋን ግን እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም። ማርች 21 የማዳም ልጆች ለእናታቸው ድግስ ሲያሰናዱ፣ ሳሎኑን የምታስጌጠው፣ ሳህኑን የምታጥበው፣ የተረፈውን ኬክ ማቀዝቀዣ የምታስገባው እሷ ናት። ሥራዋን ጨርሳ እናቷ ጋ ስትደውል አገር ቤት ሌሊት ሆኗል። በእሷ ላይ ለመቀለድ አፌ አይታዘዝልኝም፤ የላከችው ገንዘብ ስንት ወንድሞቿን እንዳስተማረ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፈረንጆቹ የዓለምን የእናቶች ቀናት ሲዘረዝሩ ለኢትዮጵያ «አንትሮሽት» ብለው ይጽፋሉ። አንትሮሽት የጉራጌ የእናቶች በዓል ነው፤ እነሱ ግን አገሩን ሁሉ አስገብተውበታል። ዝናቡ ሲያባራ ልጆች ሁሉ ወደ እናት ቤት ይሰበሰባሉ፣ ሴቶቹ አትክልትና አይብ፣ ወንዶቹ ሥጋ ይዘው ይመጣሉ ይላሉ። ሥጋ ይዞ የሚመጣውን ወንድ ልጅ ባነበብኩ ቁጥር በእኛ ወንዶች አፍራለሁ፤ እኔ የማውቀው ወንድ ልጅ ወደ እናቱ ቤት ይዞ የሚመጣው ሆዱንና ያልታጠበ ልብሱን ነው። ጉራጌዎቹ ወግ ያውቃሉ፤ ሌሎቻችን በእነሱ ወግ በውጭ አገር ጽሑፍ ተመስግነን ዝም ብለናል።

የአሜሪካውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ብታሰሉት ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ግንቦት 1 ደግሞ ልደታ ናት። ልጅ ለእናቶች ቀን «ምን ላድርግላት» ብሎ ሲጨነቅ፣ እናት በዚያው ሰሞን ንፍሮዋን ቀቅላ፣ ቡናዋን ደጅ አውጥታ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ሣር ላይ ተቀምጣ እመቤቷን ስታከብር ታገኟታላችሁ። ሳቁ ሰፈሩን ሞልቶታል። ዲኮር የለ፣ ፊኛ የለ። የራሷ ቀን ነበራት እኮ! ስልኳ ቢጮህም አትሰማው፤ ብትሰማም «ልደታን እያከበርን ነው፣ ኋላ ደውል» ትላለች። ልጅ ይቀየማል። በእናቶች ቀን እናቱ አላናገረችውማ።

ይህን ቀን ለዓለም ያመጣችው ሴት ታሪክ ለእኛ ትዝብት የተጻፈ ይመስላል። አና ጃርቪስ ትባላለች፣ የዌስት ቨርጂኒያ ሰው ናት። እናቷ ብዙዎቹን ልጆቿን በሕፃንነታቸው የቀበረች፣ ሌሎች እናቶች እንዳይቀብሩ ደግሞ በየመንደሩ የጽዳትና የጤና ማኅበር ያቋቋመች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1905 ስታርፍ ልጅ ለእናቶች መታሰቢያ የሚሆን ቀን ካልተሰየመ አልቀመጥም አለች። በሜይ 1908 ግራፍተን በምትባል ከተማ በእናቷ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጸሎት ተደረገ። አና ራሷ በቦታው አልነበረችም፤ እናቷ የምትወደውን ነጭ አበባ ነው የላከችው። በ1914 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ቀኑን በአዋጅ አጸደቁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜዋን ያንኑ ቀን ለማፍረስ ስትሟገት ኖረች። አበባ ሻጩ ዋጋ ጨመረበት፣ ከረሜላ ሻጩ ካርቶን ሠራለት፣ አታሚው ስሜቱን አትሞ በካርድ አወጣው። እሷ የፈለገችው ልጅ በገዛ እጁ ለእናቱ አንድ ደብዳቤ እንዲጽፍ ነበር። የታተመ ካርድ የሚገዛ ሰው ለእናቱ ሁለት መስመር ለመጻፍ የሰነፈ ነው ትል ነበር፤ ከረሜላ የሚወስደውንም አብዛኛውን ራሱ ነው የሚበላው ብላ ታማዋለች። ያላትን ገንዘብ በክርክር ጨርሳ በ1948 በአንድ የሕሙማን መጠለያ ሞተች። አላገባችም፣ አልወለደችምም። ለዓለም ሁሉ እናቶች ቀን ሰጥታ በዚያ ቀን የሚደውልላት ልጅ ያልነበራት ሴት ናት። ዛሬ ብትኖር፣ ከሌላ ሰው ገጽ ገልብጦ የሰውዬውን እናት ስም እንኳ ሳይቀይር የሚለጥፈውን ልጅ ብታይ ምን እንደምትል ማሰብ አያዳግትም።

በአበባው ንግድ እኛም እጃችን አለበት። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። ከዝዋይና ከሆለታ የተቆረጠው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ሆላንድ ይደርሳል፤ ከፍቅረኞች ቀን ቀጥሎ ገበያው የሚደራው ለእናቶች ቀን ነው። ግሪን ሃውስ ውስጥ የምትቆርጠውና የምታሽገው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፣ ብዙዎቹም እናቶች ናቸው። የእኛ እናት ለሆላንድ እናት አበባ ታሽጋለች። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ደግሞ ለእናቱ የፕላስቲክ አበባ ይገዛል፤ «አይጠወልግም» ይላል። እሷም ቴሌቪዥኑ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ በየሳምንቱም አቧራውን ታራግፋለች። ስጦታው ሥራ ሆኖ መጣ።

የሩቅና የቅርብ ልጅ ነገር ሳይነሳ ይህ ጽሑፍ አያልቅም፤ ትዝብቱም የበሰለው እዚህ ጋ ነው። ሩቅ ያለው ልጅ አሜሪካ ነው እንበል። ቅርብ ያለችው ልጅ ሁለት ሰፈር ማዶ ናት። እናት ጉልበቷን ሲያማት ሐኪም ቤት የምትወስዳት፣ ወረፋ የምትይዘው፣ የደም ግፊት ክኒኗን ቆጥራ የምትሰጣት፣ የቀበሌውን ጉዳይ የምትጨርሰው ይቺ ነች። ሩቅ ያለው ለበዓል ሁለት መቶ ዶላር ይልካል። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ እናት ከግድግዳው ላይ ፎቶ ታወርዳለች። የማንን? የእሱን። «ይቺን ሹራብ እሱ ነው የላከልኝ። ይሄ ልጅ እኮ አንድ ቀን ረስቶኝ አያውቅም፤ ተባረክ!» ቅርቧ ልጅ ይህን እየሰማች ሁለተኛውን ትቀዳለች። ስትቀዳ ትንሽ ካፈሰሰች «ምነው አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ምን ሆነ?» ትባላለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? የእናት ምርቃትም ዥንጉርጉር ነው፤ አውሮፕላን ለተሳፈረው ይጎላል፣ ታክሲ ለተሳፈረችው ይደበዝዛል።

ይቺው ልጅ የሁለቱም ምስጢር ያዥ ናት። እናት ወድቃ ወገቧን ስትመታ «ለእሱ እንዳትነግሪው፣ ሰው አገር ነው፣ ይጨነቅብኛል» ትላለች። እሱ ሥራ ሲያጣ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ግፊቷ ይነሳል» ይላል። ከዚያ ሁለቱ በቪዲዮ ይገናኛሉ። እናት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ልጅ የሚያየው የጆሮ ጉትቻዋን ነው። «እማዬ፣ ከጆሮሽ አርቂው!» ስትባል ደግሞ ጣራውን ታሳየዋለች።

«ደህና ነሽ እማዬ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? በላህ?»

«በልቻለሁ። ሥራ በዝቶ ነው የጠፋሁት።»

«ተመስገን! ሥራ ይብዛልህ። ምነው ግን ከሳህብኝ?»

ልጁ በሥራ ፍለጋ ሰሞን አምስት ኪሎ ጨምሯል። ግን ለእናት ዓይን የወፈረ ልጅ ተወልዶ አያውቅም። ሁለቱም እንዲህ ተዋሽተው፣ ተመራርቀው፣ ልባቸው ረክቶ ይዘጋሉ። እውነቱን ይዛ ሶፋው ጥግ ላይ የቀረችውን እህት ፎቶ የሚለጥፍ እስካሁን አላየሁም።

ሩቅ ያለው ልጅ ሲመጣማ ሌላ ዓለም ነው። ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው እናት ሽሮውን ታስፈጫለች፣ በርበሬውን ታሰናዳለች፣ ድርቆሹ ይደርቃል፣ ቆሎው ይቆላል፣ ቅቤው ይነጠራል። ልጁ የተፈቀደለት ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ቦሌ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ 29 ይላል። ሻንጣው መሬት ላይ ይከፈታል፤ ተሳፋሪ ሁሉ የቤተሰቡን ጓዳ ያያል። ምን ይወጣ? ጫማው አይወጣም፣ ለጓደኞቹ የገዛው የባህል ልብስም አይወጣም። ሽሮው ይወጣል። ሸኚ ከውጭ ስለሆነ እናት ይህን አታይም፤ ቅርቧ ልጅ ተጠርታ ትቀበለዋለች፣ መኪናው ውስጥም ከመቀመጫ ሥር ትደብቀዋለች። ሦስተኛ ምስጢር። ልጁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ሐበሻ ሱቅ ገብቶ ሽሮ በዶላር ይገዛና «እንደ እናቴ ሽሮ ምን አለ!» ብሎ ይጽፋል።

አንዳንዱ ደግሞ እናቱን እዚያው ያስመጣታል። «እናቴን አሜሪካ አስገባኋት» ሲል ትልቅ ወግ ነው፤ ይገባዋልም። ግን ቀኑን ካያችሁት ሚስቱ ልትወልድ ወር ሲቀራት ነው። እናት ለጉብኝት ትመጣለች፣ ስድስት ወር የምትጎበኘው የሕፃኑን ዳይፐር ነው። ከአሥረኛ ፎቅ ላይ በመስኮት መኪና ትቆጥራለች። አንድ እሑድ ኋይት ሐውስ ደጃፍ ወስደው በነጠላዋ ፎቶ ያነሷታል፤ አገር ቤት የሚታየው ያ ነው። አራስ መጠየቅ፣ ገንፎ ማገንፋት፣ አጥሚት መሥራት ለእሷ ደስታ ነው፣ ማንም አላስገደዳትም። ምራቷ ግን ሕፃኑን እንዴት ማቀፍ እንዳለባት ከስልኳ ላይ አይታ ታስተምራታለች። ስድስት ላሳደገች ሴት! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚለው ተረት እንግዲህ ቪዛ አግኝቷል።

ሕጉም ቢሆን የወላጆችን ድርሻ የሚያውቅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት ሦስት። አንዳንዱ «ሦስት ቀን ምን ትበቃለች?» ብሎ ያማርራል። አጠቃቀሙን ላየ ግን ትበዛለች፤ በአንደኛው ቀን ለዘመድ ሲደውል ይውላል፣ በሁለተኛው ጓደኞቹ እንኳን ደስ ያለህ ብለው ይዘውት ይሄዳሉ፣ በሦስተኛው ከሁለተኛው ያገግማል። አራስ ቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣ ሰው አባትየውን አልጋው ጫፍ ላይ ተኝቶ ሲያገኘው «አይዞህ፣ ደክሞሃል» ይለዋል።

ይህን ሁሉ አልፈን በዓል ይመጣል። ልጆች ተማክረው «ዘንድሮ እማዬን እናሳርፋታለን» ይላሉ። ለማሳረፍ እሷ ቤት ይመጣሉ፤ ባሎቻቸውን፣ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው። እሷ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቆማለች። ሽንኩርቱ ቁልል ነበር፣ አሁን ቁሌት ሆኗል፤ የዶሮው አሥራ ሁለት ብልት አንድም አልጎደለም። ልጆች ሶፋው ላይ ተዘርግተው «እማዬ፣ ነይ ቁጭ በይ እንጂ! ምን ያንቆራጥጥሻል?» ይላሉ። ቁጭ ስትል «እማዬ፣ ሚጥሚጣ የለም እንዴ?» ይላሉ። ምድጃው ጋ ቆማ «ወደዚህ እዪ፣ ፈገግ በይ» ትባላለች፤ ማታ የሚለጠፈው ያ ነው። ስትጠሯት «እኔ ጠግቤያለሁ፣ ሽታው አጥግቦኛል» ትላለች፤ ይህንንም ሁላችን አምነናት እንበላለን።

ማምሻውን የሚታሰር ይታሰራል። እናት ለእያንዳንዱ ልጅ ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ዳቦውን ትከፋፍላለች። ድሮ በጥሩ ዕቃ ነበር የምትልከው። ዕቃው ግን ሄዶ አይመለስም፤ ከተመለሰም ክዳኑ ሌላ ሆኖ ነው። የአንዷ ልጅ ጓዳ ብትገቡ የእናቷን ሳህኖች ከእናቷ ቤት የበለጠ ታገኛላችሁ። እናቶች ውለታቸውን አይጠይቁም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ሳህናቸውን ነው የሚጠይቁት። «ያ ሰማያዊ ክዳን ያለውስ? የገና ጊዜ የወሰድሽው?» ትላለች በሩ ላይ ቆማ። ልጅ ጣራ ታያለች።

ዘንድሮ ብልጥ ሆናለች። ዶሮው ባዶ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ ይታሰራል፣ እንጀራው በፌስታል ይጠቀለላል። ልጆቿ አዋጥተው ለእናቶች ቀን የገዙላት ያ ባለ ክዳን የሳህን ስብስብ እስከ ካርቶኑ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበታል። «እማዬ፣ እሱን ለምን አትጠቀሚበትም?» ብትሏት ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች «እሱ የእንግዳ ነው» ትላችኋለች።